ማኑሄ ዝም ያለባቸው ሦስት ሳምንታት

ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ጓሮ ገባ ብሎ፣ አሥራ አራት የሥራ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ የተደገፉበት ረጅም የቆርቆሮ ሼድ አለ። መስኮት የሚገጣጥሙ አሉ፣ አናጢዎች አሉ፣ የብረት በር ቀለም የሚቀቡ አሉ። ከመግቢያው ሦስተኛው ቤት የማኑሄ ነው።

ማኑሄ አሉሚኒየም ቀላጭ ነው። የተሰበረ ፒስተን፣ የተጣመመ የመስኮት ፍሬም፣ የተበሳ ድስት፣ ያገኘውን ሁሉ ያቀልጣል፤ በአሸዋ ፎርማ ውስጥ አፍስሶ አዲስ ድስት፣ የበር እጀታ፣ የወፍጮ መዘውር አድርጎ ያወጣዋል። ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነው። ቅንድቡ በእሳት ወላፈን ከሳሳ ቆይቷል፤ ቀኝ ክንዱ ላይ ፀጉር የሚባል የለም። ሙቀት መለኪያ በእጁ ይዞ አያውቅም። የቀለጠውን ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ በብረት ዘንግ ነካ ያደርገዋል፤ ከዚያ "ቆይ" ካለ ይቆያል፣ "አሁን" ካለ ይፈሳል። እሱ "አሁን" ብሎ የፈሰሰ ዕቃ ተበላሽቶ የተመለሰበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ከቄራ እስከ ጀሞ ያሉ ባለጋራዦች የከበዳቸውን ነገር ይዘው የሚመጡት ወደ እሱ ነበር። "ማኑሄ ካልቻለው ጣለው" ይሉ ነበር። ማኑሄ ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ ሰምቶ ጠግቦ ግን አያውቅም።

ምድጃው የሚነደው ከጋራዥ በሚለቀም የተቃጠለ ዘይት ነው። ሲለኮስ እንደ አውሬ ያጓራል፤ ጭሱም ከጣሪያው በላይ ጥቁር ሆኖ ይቆማል። ከሼዱ ጀርባ የሚኖሩ ሴቶች ማኑሄ ምድጃ በሚለኩስበት ቀን ልብስ አያሰጡም።

አራተኛው ቤት የዳባ ነው። ዳባ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ፣ ሥራ ፍለጋ ሼዱ በር ላይ ሲቆም "ገብተህ ሥራ" ያለው ማኑሄ ነው። አሸዋ መንፋት፣ ፎርማ መጠቅጠቅ፣ ጭልፋ መያዝ ያስተማረውም እሱ ነው። ስምንት ዓመት አብረው ሠሩ። ዳባ በጎን ቴክኒክና ሙያ ተምሮ ሲጨርስና ጎን ያለው ቤት ሲለቀቅ ራሱን ችሎ ወጣ። ማኑሄም መረቀው። ምርቃቱ የምር ነበር፤ ዳባ ከእሱ በታች እስከሆነ ድረስ።

ነገሩ የተለወጠው በኤሌክትሪክ ባጃጅ ምክንያት ነው። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተጥለቅልቆ፣ ከለቡ ወዲያ ባለሦስት እግሮችን የሚገጣጥም ፋብሪካ ተከፍቶ ነበር። ፋብሪካው የሞተሩን ማቀፊያ፣ ማለትም ሞተሩ የሚቀመጥበትን የአሉሚኒየም ቤት፣ በኮንቴነር ከባሕር ማዶ ያስመጣል፤ ዕቃው ወራት ይፈጃል። ዳባ ይህን ከአንድ ሾፌር ሰማ። ሰምቶም ዝም አላለም፤ አንድ ቀን ከሥራው ቀርቶ ፋብሪካው ድረስ ሄደና "እኛ ብንሠራላችሁስ?" ብሎ ጠየቀ። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአሥራ አራቱን ቤት ሰዎች ሼዱ መካከል ሰበሰበ።

"በወር ስድስት መቶ ማቀፊያ ይፈልጋሉ" አለ ዳባ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሰው ለመስማት ጠጋ ይላል። "አንዳችንም ብቻችንን አንችለውም። አንድ ላይ ግን እንችላለን። እስካሁን አንድ ጣሪያ ሥር ነን እንጂ አንድ ላይ አይደለንም። እነ በፍቃዱ መስኮት ሲቆርጡ የሚተርፈው አሉሚኒየም ከዚህ ተጭኖ መርካቶ ይሄዳል። ጋሼ ማኑሄ ደግሞ ያንኑ አሉሚኒየም ከመርካቶ አስጭነው ያመጣሉ። ሦስት ቤት አልፎ ያለውን ዕቃ ከተማውን አዙረን፣ በሁለት አይሱዙ ነዳጅ አቃጥለን ነው እዚሁ የምናደርሰው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። መስኮት ገጣጣሚው በፍቃዱ ራሱን ይዞ ሳቀ። ማኑሄ ብቻ አልሳቀም።

ዳባ ቀጠለ። አንድ የኤሌክትሪክ ማቅለጫ በጋራ በሊዝ ይወሰድ። መብራቱ ከግድብ ውሃ የሚመጣ ነው፤ ጭስ የለው፣ ዘይት የለው። አንዱ ያቀልጣል፣ አንዱ ይበሳል፣ አንዱ ይሞርዳል፣ ቀለም የምትቀባው ሙፊዳ ትቀባለች፤ በአንድ መኪና ተጭኖ ለቡ ይደርሳል። "ፋብሪካውን ደግሞ ገዢዎቹ ዕቃህ ስንት ጭስ አጭሶ ተሠራ ብለው ይጠይቁታል። ስለዚህ ጭሳችን ባነሰ ቁጥር ሥራው ወደ እኛ ይመጣል።"

የወረዳው ባለሙያ ተነስቶ ይህ ክላስተር እንደሚባል አስረዳ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑንም አከለ። ማኑሄ በተገለበጠ ባልዲ ላይ እንደተቀመጠ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማፍሰሱን የሚመራው ማነው?"

የሚጠብቀው መልስ አንድ ነበር። የሰዉ ዓይን ግን ወደ እሱ አልዞረም፤ ወደ ዳባ ዞረ። ዳባ አፈረ።

"ምድጃው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው ጋሼ። እስቲ እኔ ልጀምረው። እርስዎ ያማክሩናል።"

ያማክሩናል። ማኑሄ ቃሉን ለራሱ ደገመው። "እኔ ምድጃ አለኝ" አለና ተነሳ። አሥራ ሦስቱ ፈረሙ።

ምድጃው ግንቦት ላይ መጣ። ትልቅ ማቀዝቀዣ ነው የሚያህለው። ሲሠራ ከማጉረምረም በቀር ድምፅ የለውም፤ ጎኑን በእጅ ቢነኩት ለብ ያለ ግድግዳ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከክፍለ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ካሜራ የተሸከሙ ሰዎች። ሁሉም የማኑሄን በር አልፈው አራተኛው ቤት ይገባሉ። ዳባ ንጹሕ ቱታ ለብሶ ያስረዳል። ማኑሄ ከውስጥ ሆኖ ይሰማል፤ የሚሰማው ንግግሩን አይደለም፣ የሰዉን "ኧረ!" እና "ጎበዝ!" ነው። "አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል" ይላል ለራሱ። ይበላዋል። ምሳ ሲበላ ቅናቱ ይበላዋል፤ ከጀሞ በታክሲ ሲመጣ ይበላዋል። ማን ለዳባ ቀድሞ ሰላምታ እንደሰጠ፣ ማን ለሱ እንደዘገየ በልቡ ይይዛል።

ኋላ ላይ አንድ ነገር ተማረ። እንግዳ መምጣቱን ሲያይ ዘይቱን ይከፍትና ምድጃውን ይለኩሳል። ጥቁሩ ጭስ በግድግዳው ሽንቁር አልፎ የዳባን እንግዶች ያለብሳቸዋል። አንድ ቀን ነጭ ኮት የለበሰች ሴትዮ ሳል አጣደፋት። ዳባ ሲመልስላት ማኑሄ ሰማው።

"ይቅርታ፣ ጋሼያችን ናቸው። ለሁላችንም የሙያ አባት ናቸው፤ አይፈረድባቸውም።"

ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በዚህ ላይ የገዛ ሚስቱ ክላስተሩ ውስጥ ገባች። ገዲሴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር፣ ጎመንና ቲማቲም ትቸረችር ነበር። የተፈሰሰውን ማቀፊያ ጠርዙን የሚሞርዱ ሰባት ሴቶች ሲፈለጉ ሙፊዳ ነገረቻት። ገዲሴም እሺ አለች።

"የኔ ሚስት ለዳባ ሞረድ ልትይዝ?" አላት ማኑሄ፣ እራት ላይ።

"ለዳባ አይደለም፣ ለክላስተሩ ነው። አንተም ብትገባ ላንተም በሆነ ነበር።"

"እኔን ማን ጠራኝ?"

"ጠርተውሃል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ አንተም ያደረግከው ይኸንኑ ነው።"

ማታ ማታ ስትመጣ ወሬዋ ሁሉ የሥራ ነው። ዳባ እንዲህ አለ፣ ዳባ ጓንት ገዛልን፣ ዳባ እትዬ ገዲሴ የሞረደችውን እዩ ብሎ ለሌሎቹ አሳየ። ማኑሄ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። ለብዙ ዓመታት "ማኑሄ እንዲህ አለ" ስትል የኖረች ሴት ናት።

ከዚያ ክረምቱ ገባ።

የሰኔው ምርት ፋብሪካው ደርሶ ያለ እንከን አለፈ። ሐምሌ ላይ ግን የፋብሪካው የጥራት መሐንዲስ ሌንሳ ከመኪናዋ በቁጣ ወረደች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ቀጭን፣ ነገር የማታንዛዛ ልጅ ናት። አንዱን ማቀፊያ ጠረጴዛ ላይ አስይዛ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቀችው።

"እዩት" አለች። "ላዩ ያምራል፤ ውስጡ የዳቦ ልብ ነው። ይህን ባጃጅ ላይ ብገጥመው ጉድጓድ ሲመታ ይሰነጠቃል። ግማሹን መልሻለሁ።"

ማኑሄ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የተሰነጠቀውን ብረት፣ በውስጡም እንደ ወንፊት የተዘራውን ቀዳዳ፣ ከአሥር እርምጃ አየው። እንዳየውም አወቀው።

እርጥበት ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም እርጥበት ካገኘ ይጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የጠጣውን አረፋ አድርጎ ሆዱ ውስጥ ይይዛል። በማኑሄ ቤት ቁርጥራጩ ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት በምድጃው አፍ ዙሪያ ይደረደራል፤ ጭልፋው እላዩ ላይ ይንጠለጠላል፤ አሸዋው አጠገቡ ይከመራል። ምድጃው ሙቀቱን የሚያባክን ስለሆነ ባባከነው ሙቀት ዕቃው ሁሉ እየደረቀ ይቆያል። አዲሱ ምድጃ ግን እንደ ንፉግ ሰው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ነው የሚይዘው። ዝናብ ሲመታው የከረመው ቁርጥራጭ ላዩ በጨርቅ ይጠረግና በቀጥታ ይገባል፤ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው እርጥበት ለማንም አይታይም። ዳባ ስምንት ዓመት ሙሉ ቁርጥራጭ በምድጃ ዙሪያ ሲደረድር ኖሯል። ለምን እንደሚደረደር ግን ጠይቆ አያውቅም። ማኑሄም ነግሮት አያውቅም።

ማኑሄ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ደስ አለው። ደስታው ራሱን አስደነገጠው፤ ሰውነቱ ሁሉ ሞቀ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የተጫነው ነገር ከደረቱ ላይ የተነሳለት መሰለው።

በማግስቱ ዳባ መጣ። ከበሩ ሳይገባ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል። በእጁ የተሰነጠቀውን ማቀፊያ ይዟል።

"ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው? ሙቀቱን ጨመርኩት፤ ባሰበት። አሸዋውን ቀየርኩት፤ ያው ነው። እስቲ ይዩልኝ።"

ማኑሄ ብረቱን ተቀበለው። አገላብጦ አየው። ጣቱን በቀዳዳዎቹ ላይ አሻሸ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ነው፣ አድርቀው። ያን ጊዜ ከዳባ ትከሻ ጀርባ፣ ወደ ውጭ በተከፈተው የአራተኛው ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አየ። ዳባ ከባለሥልጣናት መካከል ቆሞ ይስቃል።

"እኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ አላውቅም" አለ፣ ብረቱን እየመለሰ። "ኮምፒውተሩን ጠይቀው።"

ዳባ ቀና ብሎ አየው። "እሺ ጋሼ" ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ባሰ። ፋብሪካው ከሦስቱ ሁለቱን መለሰ። የተመለሰው ዕቃ ሼዱ መካከል ተከመረ፤ ማኑሄ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ በጎኑ ያልፋል፣ ሲመለስም በጎኑ ያልፋል። እንግዶቹም ቀሩ። አንድ ባለጋራዥ ከመካኒሳ መጥቶ "ድሮስ ካንተ ወዲያ ማን አለ?" አለው። ማኑሄ ያን ቀን እያፏጨ ነው የዋለው። ነገር ግን ማፏጨቱ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ አልቆየለትም። ዳባ አገጩ እየሾለ ሄደ፤ በፍቃዱና አናጢዎቹ በር ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። አንዱ "ያቺን ማሽን ባናመጣት ይሻል ነበር" ሲል ማኑሄ ሰማ። ሲሰማው ደስ እንዲለው ጠበቀ፤ ደስታው ግን እንደበፊቱ አልመጣም። ቅናቱ ግን ነበረ፤ ያ አልሄደም።

በሦስተኛው ሳምንት ሌንሳ ሁሉንም ሰብስባ ተናገረች። የሚቀጥለው ምርት ካላለፈ ፋብሪካው ሥራውን ሌላ ከተማ ላለ ክላስተር ይሰጣል፤ ካልሆነም እንደ ድሮው ከባሕር ማዶ በኮንቴነር ያስመጣል። ሰባቱ ሴቶችም የሚሞርዱት ስለሌለ እስኪጠሩ ቤታቸው እንዲቆዩ ተነገራቸው።

ገዲሴ ያን ቀን በጊዜ ቤት ገባች። ጓንቷን አጥባ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ማኑሄ ሲመጣ ሽሮ አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ምናልባት እንደገና ጎመን መሸጥ እጀምራለሁ" አለች። "ቦታዬን ግን ሰው ይዞታል።"

ማኑሄ የሚያጽናና ነገር ሊናገር ፈልጎ፣ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ። "ምን ታደርጊዋለሽ፤ እርጥቡን ብረት እንዳለ እያስገባ ማን አለቃ አድርጎት!"

ገዲሴ እጇን ከእንጀራው ላይ አነሳች። "ምን አልክ?"

"ምንም አላልኩም።"

"እርጥቡን አልክ። ምክንያቱ እርጥበት ነው? ታውቅ ነበር?"

"አልጠየቁኝም።"

"ጠይቆሃል!" አለች፤ ድምፅዋ ወደ ጎረቤት አለፈ። "መጥቶ ጠይቆሃል። ለእኔ ራሱ ነው የነገረኝ። ምን ብሎ እንደነገረኝ ታውቃለህ? 'እትዬ ገዲሴ፣ ጋሼም አላወቁትም፤ አርጅተዋል መሰለኝ፤ ከአሁን በኋላ ባላስቸግራቸው ይሻላል' አለኝ። አዝኖልህ ነው የነገረኝ።"

ማኑሄን መጀመሪያ የወጋው የሚስቱ ቁጣ አልነበረም። ሰባቱ ሴቶችም አልነበሩም። "አላወቁትም" የሚለው ቃል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳባን እየቀጣሁ ነው ብሎ ሲኮፈስ፣ ዳባ እሱን አላዋቂ ሽማግሌ አድርጎ ሲያዝንለት ከርሟል። ማኑሄ ይህን ጉድ ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገረም፤ በማግስቱ ጠዋት ሼዱ ድረስ ያስሮጠው መጀመሪያ ትዕቢቱ ነበር።

ጠዋት ዝናብ ያካፋ ነበር። ማኑሄ የራሱን በር ሳይከፍት ወደ ዳባ ቤት ገባ። ዳባ፣ በፍቃዱና ሙፊዳ ቆመው ነበር። ማኑሄ ሰላምታ ሳይሰጥ ከክምሩ ላይ አንድ የመስኮት ቁራጭ አነሳ።

"ይሄ ደረቅ ነው?"

"ጠርገነዋል" አለ ዳባ።

"ነይ ሙፊዳ፣ ምድጃሽ በርቷል?"

ሙፊዳ በር ቀለም ቀብታ የምትጋግርበት ትልቅ ምድጃ ዘጠነኛው ቤት ነው። ሁሉም ተከትለው ሄዱ። ማኑሄ ቁራጩን ከምድጃው በላይ፣ ትኩስ አየር በሚወጣበት ቱቦ ሥር አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ ደረቅ ከተባለው ብረት ስንጥቅ ውስጥ ውሃ ተንጠፈጠፈና ተነነ።

"ይህን ነው የምታቀልጡት" አለ ማኑሄ። "ብረቱ ውሃውን ይጠጣዋል። ቀዳዳው እሱ ነው። ቁርጥራጩም፣ ጭልፋውም፣ የምትጨምሩት ሁሉ መጀመሪያ ይድረቅ። እኔ ጋ በምድጃው ዙሪያ የምንደረድረው ለዚህ ነበር።"

ዳባ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው እፎይታ ነበር። ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ።

"መቼ ነው ያወቁት፣ ጋሼ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ዛሬ ሌሊት ተገለጠልኝ ቢል የሚጠራጠረው አልነበረም። ማኑሄ የሙፊዳን ፊት አየ፤ የበፍቃዱን አየ።

"ልጅቷ የመጀመሪያውን የሰነጠቀች ቀን።"

ዳባ ጓንቱን አወለቀ፣ አንዱን ባንዱ ላይ አጥፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ካፊያው ውስጥ ወጣ። በፍቃዱ "ሦስት ሳምንት! አንተ ሰውዬ ልብ የለህም?" ብሎ ጮኸ፤ ሌላም ብዙ አለ። ማኑሄ ቆሞ ሰማው። በመጨረሻ ሙፊዳ መካከል ገባች።

"ስድቡ ቅዳሜም ይደርሳል። አሁን ሥራው ነው የማይደርሰው። ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ብረት በምን እናደርቃለን? ሌላ ምድጃ እንግዛ?"

ማኑሄ ወደ ላይ አየ። ቱቦው ጣሪያውን በስቶ ይወጣል፤ የዝናቡ ጠብታ ባረፈበት ቁጥር ቱስ ይላል። ለዓመታት ከቤቱ ሆኖ ይህን ድምፅ ሲሰማ ኖሯል።

"ይህ ሙቀት የት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ሰማይ ነዋ።"

"ለሰማይ ምን ያደርግለታል?"

ቱቦውን አጥፈው ወደ ዳባ ቤት ለማዞር አራት ቀን ፈጀ። በፍቃዱ እየተሳደበ ቆርቆሮውን አጠፈ፤ አናጢዎቹ መደርደሪያ ሠሩ፤ የበር ቀለም ጋግሮ ወደ አየር ይባክን የነበረው ሙቀት አራት ቤት አቋርጦ ቁርጥራጩ ወደተደረደረበት የቆርቆሮ ሳጥን ገባ። አንድ ተጨማሪ አምፖል የሚያበራ እንኳ መብራት አልጠየቀም። ዳባ አብሮ ሠራ፤ ከማኑሄ ጋር ግን ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አልተነጋገረም። በአምስተኛው ቀን ያፈሱትን ሌንሳ መጥታ ሰነጠቀችው። ውስጡ ያለ አንድ ቀዳዳ፣ ድፍን፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነበር። ሌላም ሰነጠቀች፣ ሌላም። ከዚያ መጋዙን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ገዲሴ በነሐሴ ወደ ሞረዷ ተመለሰች። ለማኑሄ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ከ"ብላ" እና ከ"ቁልፉን ስጠኝ" በቀር ያለችው የለም።

መስከረም ላይ ማኑሄ ክላስተሩ ውስጥ ፈረመ። የዘይት ምድጃውን አፍርሶ ሸክላውን ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ ሰጠ። ማፍሰሱን እንዲመራ ሐሳብ ያቀረበው ዳባ ራሱ ነው። ሲያቀርብም "አቶ ማኑሄ ከሁላችንም የተሻለ ያውቃሉ" አለ። ጋሼ አላለም። እውነቱ ከወጣበት ቀን ወዲህ አላለም። ማኑሄ አንድ ቀን ለብቻው አግኝቶት ይቅርታ ጠየቀው።

"ይቅር ብያለሁ ልል እችላለሁ" አለ ዳባ፣ "ግን ገና ከልቤ አልሆነም። ጊዜ ይስጡኝ።"

ማኑሄ ሰጠው። ሌላ የሚሰጠው አልነበረውም።

እንግዶቹም ተመለሱ። አሁን የሚጠይቁት ስለ ቱቦው ነው፤ ከሌላ ክፍለ ከተማም፣ ከሌላ ከተማም እየመጡ ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ዳባ ሲያስረዳ "ይህን ያሰቡት አቶ ማኑሄ ናቸው" ይላል ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳይዘል። እንግዶቹ ዞረው ያዩታል፤ ከዚያ ተመልሰው ዳባን ይሰማሉ፤ ንግግር አዋቂው እሱ ነውና። የማኑሄ ቅናት ያን ጊዜም ይነሳበታል። ለገዲሴ ነገራት። "ይህ ነገር አይለቀኝም" አላት። እሷም "እንግዲህ ይዘኸው ሥራ" አለችው።

በጥቅምት ለቡ ላይ ሁለተኛ ክላስተር ተከፈተ፤ ለባጃጁ የጎማ ቸርኬ የሚያፈስ ነው። ቀላጮቹን የሚያሠለጥን ሰው ሲፈለግ ዳባ ማኑሄን ላከው። ማኑሄ በታክሲ ሄደ። አዲሱ ሼድ ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። እዚያ ሚሳኤል የሚባል፣ ከኮምቦልቻ የመጣ፣ ዕድሜው አርባ የሚደርስ ቀላጭ አገኘ። ማኑሄ "እስቲ አንዱን አፍስስና ልይህ" አለው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ሚሳኤል ጭልፋውን አነሳ። ከፎርማው አፍ አስጠግቶ፣ የእጁን አንጓ ብቻ እያዞረ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጥ፣ የቀለጠውን እንደ ማር አወረደው። ጠብታ አልረጨም፣ አረፋ አልሠራም። ማኑሄ በሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ አድርጎ አፍስሶ አያውቅም፤ እንዲህ ማፍሰስ እንደሚቻልም አያውቅም ነበር። ያ የሚያውቀው ቅናት እንደገና መጣበት። ሚሳኤል ጭልፋውን አስቀምጦ የአሠልጣኙን ፍርድ ይጠብቃል። ሌሎቹም ይጠብቃሉ።

ማኑሄ ኮቱን አወለቀ።

"እጅህን እንዴት ነው የያዝከው?" አለው። "እስቲ አሳየኝ።"